ጓዳ ውስጥ ባለው ብቻ፦ የቱና ወጥ ለሥራ ቀን እራት

ሰው አገር በሥራ ቀን ማታ እራት መሥራት ከሰዓት ጋር ግብግብ ነው። ልጆች ርቧቸው፣ ወላጅ ከፈረቃ ደክሞት ሲገባ፣ ሥጋ ከፍሪዘር አውጥቶ እስኪቀልጥ መጠበቅ አይታሰብም። ያኔ የሚደርሰው ጓዳ ውስጥ ያለው የቱና ቆርቆሮ ነው። ብዙ ቤት ግን የቱና ወጥን «ይደርቃል፣ ይሸታል» ብሎ ትቶታል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዓሣው ቀድሞ መብሰሉ ይረሳል። ቱና ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ በከፍተኛ ሙቀት በስሎ ነው የሚመጣው፤ ድስት ውስጥ የሚቀረው መሞቅ ብቻ ነው። ጊዜው ሁሉ ለቁሌቱ ይሰጥ።

ለአራት ሰው ከ142 እስከ 160 ግራም የሚሆኑ ሁለት ቆርቆሮ ቱና፣ ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ዝንጅብል፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ቃሪያና ግማሽ ሎሚ ይበቃል። ቱናው ዘይት ውስጥ የታሸገ ከሆነ ያንኑ ዘይት ለቁሌቱ ይጠቀሙበት።

ሽንኩርቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውጭ አገር በብዛት የሚሸጠው ትልቁ ቢጫ ሽንኩርት ውሃ የበዛበትና ጣፋጭ ስለሆነ ወጡን ስኳር ስኳር ያሰኘዋል፤ ቀዩ ይሻላል። ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቁላላ። መጀመሪያ እየተንሿሿ ውሃውን ያወጣል፤ ድምፁ ሲረግብና ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ይጨምሩ። ሽንኩርቱ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን ብቻ ዘይቱ ይግባ።

ቀጥሎ እሳቱ ይቀነስና በርበሬው ከሁለት ማንኪያ ውሃ ጋር ይጨመር። በደረቁ ትኩስ ዘይት ላይ ከወደቀ በደቂቃ ውስጥ አርሮ ይመራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድነው ቅመም የለም። አፓርታማ ውስጥ ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። የመኝታ ቤት በር ይዘጋ፣ ካፖርቶች ከአካባቢው ይነሱ፣ መስኮት ይከፈት። በርበሬው አምስት ደቂቃ ከተቁላላ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ድልህ ይከተላሉ። ድልሁ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ ሽንኩርቱ እንዳይልም ያደርገዋል።

አንድ ኩባያ ተኩል የፈላ ውሃ ጨምረው 10 ደቂቃ ያንተክትኩት። ቀይ ዘይት በወጡ ጠርዝ ዙሪያ ሲንሳፈፍ ቁሌቱ ደርሷል። አሁን ቱናው ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ በሹካ ሳይፈረፈር፣ ጎላ ጎላ እንዳለ ላዩ ላይ ይደርደር። ሦስት ደቂቃ በለሆሳስ እሳት ይበቃዋል። በማንኪያ ከማማሰል ድስቱን ወዝወዝ ማድረግ ይሻላል፤ ከተማሰለ እንደ መጋዝ ዱቄት ይሆናል። ጨው የሚቀመሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቱናው ራሱ ጨው አለው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ቃሪያውና ሎሚው ይጨመሩ፤ የዓሣውን ጠረን የሚያለዝበው ሎሚው ነው።

በርበሬ ለማይችሉ ልጆች የሽንኩርቱን ሲሶ ቀድመው በሌላ ድስት ያውጡና በሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ አልጫ ይሥሩላቸው። ለእነሱና ለነፍሰ ጡር «ላይት» የተባለውን ቱና ይምረጡ፤ «አልባኮር» የሚባለው ነጩ ቱና ሜርኩሪው ከእሱ ይበዛል። ሰርዲን ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ አጥንቱ ለስልሶ ስለሚበላ ካልሲየም ይሰጣል። በጾም ዓሣ የማይበላ ቤት በዚሁ ቁሌት የቆርቆሮ ሽምብራ ቢያስገባ ያምርለታል፤ ሽምብራው ግን ከቱናው በተለየ 10 ደቂቃ ቢንተከተክ ቅመሙን ይጠጣል።

ወጡ ለእንጀራ ወፈር፣ ለሩዝና ለፓስታ ቀጠን ይበል። ባዶዎቹ ቆርቆሮዎች ታጥበው ይጣሉ፤ ማታ ቤቱን የሚያሸተው አብዛኛውን ጊዜ ከወጡ ይልቅ እነሱ ናቸው። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይበላ። ደግሞ ማሞቅ ዓሣውን ስለሚያደርቀው ለማግስቱ ቁርስ ፍርፍር ማድረግ ይመረጣል፦ መረቁ ብቻ በትንሽ ውሃ ይሙቅ፣ እንጀራው ይግባበት፣ ቱናው መጨረሻ ላይ ከላይ ይበተን።