ተቀባይ መሆን

ነሐሴ 8፣ ከሰዓት በኋላ

ቡሄ አምስት ቀን ቀረው። ሠፈር ውስጥ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ ሆያ ሆዬ ይለማመዳሉ፤ ዝናቡ ሲወርድ በየበረንዳው ይሸጎጣሉ፣ ሲያባራ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከነሱ የሚያንሱትን፣ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ግን ጭቃውና ብርዱ ቤት አስቀርቷቸዋል። ለዜማና ለሥዕል ከዓመቱ ሁሉ የሚመቸው ጊዜ ይኸው ነው። እስከ መስከረም 1 አራት ሳምንት ያህል አለ፤ በዓሉ ደግሞ ራሱ በልጆች ጥበብ የቆመ ነው፤ ሴቶቹ አበባ ይዘው እየዘፈኑ፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። አንድም ውድ ዕቃ ሳይገዛ ልምምዱን ዓመቱ ራሱ አሰናድቶታል።

ስለ ልጆችና ጥበብ ከሚባለው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ምረጥ ብባል «ተቀባይ» እላለሁ። ሆያ ሆዬ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ «ሆ» እያሉ ይቀበላሉ። ቤት ውስጥ ግን አውጪው ምንጊዜም አዋቂው ነው። ዘፈኑን እሱ ይመርጣል፤ ላሟንም እሱ ስሎ «እንዲህ ነው እንጂ» ይላል። ልጁ በተቀባይነት ቢጀምር ችግር የለውም፤ ቶሎ አውጪ ካልሆነ ግን ይሰለቻል።

የሚጀመረው ከአንድ ቃል ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሙሉ ስንኝ አይዝም፤ «ለምለም» ግን ይላል። አበባየሆሽ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ አውጪዋ ስንኙን ትለዋውጣለች፣ የተቀባዩ ቃል ግን ያው ነው። አዋቂው ስንኙን ዘፍኖ ዝም ይበል፤ በልቡ እስከ አራት ይቁጠር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልጁ ትንሽ ከዘገየ ወላጁ ራሱ «ለምለም» ብሎ ይሞላበታል፤ ይህ ሁለት ሦስት ቀን ከተደጋገመ ልጁ ተራው የሱ እንዳልሆነ ይገባውና ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ያቺ ዝምታ ለአዋቂ ረጅም ናት፤ ልጁ ግን ቃሉን ከጉሮሮው የሚፈልገው በሷ ውስጥ ነው። «ምለም» ብሎ ግማሹን ቢል ወይም ራሱን ቢነቀንቅ ተቀብሏል ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ስንኝ ማለፍ ነው።

ቃሉ ከተለመደ በኋላ ስንኙ ከቤት ዕቃ ይሠራል፤ ድስት፣ ድመት፣ የአያት ነጠላ፣ የጠፋ ካልሲ። ወደ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ተራው ይለወጥና ልጁ ያወጣል። «ካልሲዬ ሸተተ» ቢልም አዋቂው ሳይስቅ፣ በሙሉ ድምፅ «ለምለም» ብሎ ይቀበላል። ሳይስቅ የሚለው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

የድምፅ ከፍታ ብዙ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ የሚበላሽ ነገር ነው። አባት ከደረቱ ይጀምራል፤ እናትም ከደከማት ዝቅ ታደርገዋለች። የትንሽ ልጅ ድምፅ እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ስለዚህ ዜማውን ትቶ እንደ ወሬ ያወራዋል። ከዚያ «ጆሮ የለውም» ይባላል። ፒያኖ ላይ ከመሃሉ ዶ ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላ ያለው ለአብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ይስማማል። ፒያኖ ከሌለ ልጁ ብቻውን ሲጫወት የሚያንጎራጉርበትን ከፍታ ሰምቶ ከዚያ መነሳት ይበቃል። ደግሞም ልጅ ዘፈንን የሚይዘው በተራ ነው። መጀመሪያ ቃሉን፣ ቀጥሎ ምቱን፣ ከዚያ ዜማው የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ፣ ትክክለኛውን ድምፅ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይይዛል። የሦስት ዓመት ልጅ ከዜማው ወጣ ብሎ ማረም ገና ያልበቀለ ጥርስ እንደ መቦረሽ ነው።

ስልክ ላይ ያለው የልጆች ዘፈን ትልቁ ጉድለት አለመጠበቁ ነው። ልጁ ተቀበለም አልተቀበለም ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚሻል ይመክራል፤ ለአንድ ዓመት ልጅ ጭራሽ አይመክርም። ውጭ አገር ለሚያድጉ፣ አማርኛ እየሰሙ በሌላ ቋንቋ ለሚመልሱ ልጆች ደግሞ ቅብብሎሹ ሌላ ጥቅም አለው፤ አንድ ቃል ብቻ ስለሚጠይቅ አያሸማቅቅም። ጥ፣ ጭ እና ቅ የሚያስቸግሯቸውን ልጆች ፊደል ቁጭ አድርጎ ከማስቆጠር ይልቅ ምቱን በአፋቸው «ጭ-ጥ-ቅ፣ ጭ-ጥ-ቅ» እያስባሉ ከበሮ ማስመታት በጣም ይሻላል።

ከበሮው ከጣሳ ይሠራል። የእውነተኛው ከበሮ አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። ይህን ልዩነት ለማግኘት ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃል፣ አንድ የ900 እና አንድ የ400 ግራም። የተቆረጠው የጣሳ አፍ ስለሚስል መጀመሪያ ዙሪያውን በፕላስተር ሁለት ጊዜ መሸፈን ነው። ብዙ ሰው አፉ ላይ ፊኛ ይወጥራል፤ ድምፁ በእርግጥ ያምራል፣ ግን ላስቲኩ እየደረቀ ይሄድና ይተረተራል፤ የተተረተረው ቁራጭ ደግሞ ትንሽ ልጅ አፍ ውስጥ ከገባ ጉሮሮ ይዘጋል። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት እኔ ፊኛውን ትቼ ሰፊውን ፕላስተር እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ድርድር በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው አቋርጦት፣ ሦስተኛው በሰያፍ፣ እያንዳንዱ በደንብ ተወጥሮ ይለጠፋል። ሲለጠፍ ከላላ ድምፁ «ፕፍ» ብሎ ይቀራል፤ ነቅሎ እንደገና ከመለጠፍ ሌላ መድኃኒት የለውም። ጊዜ ከሌለ የጣሳው ፕላስቲክ ክዳን ራሱ ይመታል።

ለሚንሿሿው ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ምስር ይጨመራል። ብዙ ከተሞላ ምስሩ መወራጫ ስለሚያጣ ድምፁ ይሞታል። ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ በኋላ በፕላስተር ይጠቀለላል፤ ልጅ ክዳን መክፈት የሚማረው ዘፈን ከመማሩ በፊት ነው።

የኛ ጭፈራ አብዛኛው ችክችካ ነው፤ ምቱ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር እያለ ይሄዳል። ልጅ ይህን በእጁ ከመያዙ በፊት በትከሻውና በጉልበቱ ይይዘዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቆሞ መነቅነቅ፣ ከበሮው ቀጥሎ። መምታት ማንም ይጀምራል፣ የሚከብደው ማቆም ነው። አንዱ ጡጫውን ወደ ላይ ሲያነሳ ሁሉም ባለበት ድርቅ ይላል፤ ጡጫውን የሚያነሳውም ልጁ ይሁን። እንዲህ ያለው ጨዋታ አሥር ደቂቃ ያህል ከሄደ ይበቃዋል። ልጁ ገና እየፈለገ ማቆም ለነገ ያስናፍቃል።

ሁለት ተመሳሳይ የለስላሳ ጠርሙሶች ደግሞ ለአምስት ዓመት ልጅ እንደ እንቆቅልሽ ናቸው። አንዱ ውስጥ ሩብ፣ ሌላው ውስጥ ሦስት ሩብ ውሃ ይደረጋል። በማንኪያ ሲመቱ ውሃ የበዛበት ድምፁ ይወፍራል። አፋቸው ላይ ሲነፋ ግን ነገሩ ይገለበጥና ውሃ የበዛበት ይቀጥናል። ሲመታ የሚንቀጠቀጠው ጠርሙሱ ነው፣ ውሃውም ያከብደዋል፤ ሲነፋ የሚንቀጠቀጠው ከውሃው በላይ ያለው አየር ነው፣ አየሩም አጥሯል። መልሱን ቶሎ መናገር ጨዋታውን መግደል ነው።

ክራር ያለው ቤት ዕድለኛ ነው። በሜጀር ትዝታ፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ከተቃኘ ልጁ የትኛውንም ክር ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም፤ ስድስተኛ ክር ካለ የመጀመሪያው ድምፅ ድጋሚ ነው። ለልጅ ጣት ከብረቱ ይልቅ የናይለኑ ክር ይለሰልሳል። በክረምት እርጥበቱ ቆዳውን ስለሚያላላው በየቀኑ መቃኘት የግድ ነው፤ ልጁ «ተበላሸ» ሲል ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ክራር ለሌለው የአሻንጉሊት ኪቦርድም ያገለግላል፦ ጥቁሮቹን ብቻ መጫወት ነው። ሦስት ሆነው ከተቧደኑት ጥቁሮች የመጀመሪያው ላይ ተነስቶ አምስቱን በተራ ወደ ላይ ሲሄዱ የሚገኘው ያው ሜጀር ትዝታ ነው። ነጮቹን በወረቀት መሸፈን አያስፈልግም፤ «ዛሬ ጥቁሮቹ ብቻ ናቸው የነቁት» ማለት ይበቃል።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። ክሬዮን በሙሉ ቁመቱ ለትንሽ እጅ አይመችም፤ ልጁ በጡጫው ይጨብጠዋል። ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሰበር መያዝ የሚችለው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ስለሚሆን አያያዙ ሳይነገረው ይስተካከላል። ወረቀቱ አራቱም ማዕዘን በፕላስተር ካልተያዘ ይሸሻል፤ የልጁም ግማሽ ጉልበት ወረቀት በማባረር ያልቃል። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባው ሰፊና ነጭ ነው፤ የሚያብለጨልጨው ዓይነት ግን ውሃ ቀለም አይቀበልም፣ ለክሬዮን ብቻ ይሁን።

የዱቄት ቀለም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ በሙቅ ከተጀመረ ይጓጉላል። እሳት ላይ እየተማሰለ እንደ አጥሚት ሲወፍር ይወርድና ይቀዘቅዛል። ለቢጫ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ለሮዝ የቀይ ስር ጭማቂ፣ ለቡናማ የተጣራ ወፍራም ቡና ይጨመራል። ፍሪጅ ከሌለ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ይኮመጥጣል፣ ሽታውም ይነግራል። የቀይ ስሩ ቀለም ብርሃን ሲመታው ይጠወልጋል፣ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል አልመክረውም። እርድ ግን የራሱ ጉድ አለው፦ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። በእርድ ውሃ በተቀባ ወረቀት ላይ በልብስ ሳሙና ውሃ በተነከረ ጥጥ ቢሳል ቀይ መስመር ይወጣል። ልብስ ላይ የፈሰሰ እርድም ሲታጠብ እንደ ደም ሲቀላ የሚያስደነግጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ እየደበዘዘ ይሄዳል።

እንደ ጭቃ ለሚቦካው የመጫወቻ ሊጥ አንድ ብርጭቆ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ ብርጭቆ ውሃ። በዝግታ እሳት እየተማሰለ ከድስቱ ሲላቀቅ ይወርዳል፤ ለብ ሲል ይታሻል። በፌስታል ታስሮ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል። በዚህ ወር መጣበቁ አይቀርም፤ ጨው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ጥቂት ዱቄት ነስንሶ ማሸት ነው። ሁሉን ወደ አፉ ለሚወስድ ልጅ ግን ይህን ያህል ጨው አደገኛ ነው፤ ለሱ እንዲሁ እሳት ላይ የተማሰለ፣ ጨው የሌለው ሊጥ፣ በየቀኑ አዲስ።

አበባ ለማተም ድንች ለሁለት ይከፈላል፤ የሚቀርጸው አዋቂው፣ የሚያትመው ልጁ። የተቆረጠው ፊት በጨርቅ ካልደረቀ ኅትመቱ ውሃማ ሆኖ ይንሸራተታል። ድንቹ ቀለም ውስጥ ከሚጠመቅ ቀለም የጠጣ ስፖንጅ ላይ ቢጫን ይሻላል። ቃሪያም ሲቆረጥ የሚያምር አበባ ይወጣዋል፤ ዓይኑን በእጁ የሚያሽ ልጅ ላለው ቤት ግን አይሆንም።

ልጅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን የተዘጋ ክብ ይሠራል፤ ብዙም ሳይቆይ ከክቡ ሁለት እግር ይወጣና ሰው ይሆናል፣ ሆድ የሌለው ሰው። «ሆዱስ?» ማለት አያስፈልግም፣ ራሱ ይመጣል። ሥዕል አብሮ ለማየት የኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያህል አላውቅም። ጥቁር ዙሪያ መስመር፣ ያልተደባለቀ ቀለም፣ ትልልቅ ዓይን፤ ልጅም የሚስለው እንዲሁ ነው። በዚያ ወግ ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የአራት ዓመት ልጅ ዓይን እየቆጠረ ማን ምን እንደሆነ ይለያል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ለድመቷ አንድ ዓይን ይሰጣታል፣ ምክንያቱንም ይናገራል።

ሥዕል ላይ መቀበል የሚባለው ያየነውን መናገር ነው። «ይሄ ምንድነው?» ፈተና ነው፤ «ጎበዝ!» ደግሞ ወሬውን ይዘጋል። «እዚህ ጋ ቢጫው ክብ ክብ ይላል» ሲባል ልጁ የቀረውን ራሱ ያወጣል። «ላም ሳልልኝ» ካለ «ቀንዷ የት ጋ ነው?» ብሎ እርሳሱን ለሱ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ የተሳለለት ልጅ የራሱን ላም ከዚያ ጋር እያስተያየ ይተወዋል።

ለእንቁጣጣሽ አንድ ኤፎር ወረቀት ለአራት ይቆረጣል። በዝናብ ወራት የዱቄት ቀለም አድሮም ላይደርቅ ይችላል፤ ሳይደርቅ ከተደራረበ ሁሉም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት ተስሎ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ መሰቀል አለበት። ስሙን ጀርባው ላይ ልጁ ራሱ ይጻፍ፤ ፊደሉ ቢገለበጥም እንደተገለበጠ ይሂድ።