ምናለሽ ተራ የተገዛው ሞተር

ደብረ ብርሃን ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። በቦርሳዬ መለኪያዬ ካሊፐር፣ ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው የካንዴላ መፍቻ ቁልፍና የሞተሬን ቁጥር የጻፍኩባት ብጣሽ ወረቀት አሉ።

እኛ ጋ ሞተር ሳይክሉም ሞተር ነው፣ ውስጡ ያለውም ሞተር ነው። የኔ ችግር የውስጡ ነው። ባለፈው ወር ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገቱን ስወጣ ዘይት አልቆ ኖሮ ማንኳኳት ጀመረ። ሲፈታ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ተበልቷል፤ የሚሽከረከረው ክራንክ ሻፍትም አብሮ ሄዷል። ሁለት ማርሾችም ጥርሳቸው አልቋል። መካኒኬ "አንድ ያገለገለ ሞተር ገዝተህ ና፤ ውስጡን እናወጣለን" አለኝ። ብሎኩ ግን የራሴው ይቆያል። ሊብሬው ላይ የተመዘገበው ቁጥር የተመታው እሱ ላይ ነውና።

130 ኪሎ ሜትሩን በጫጫ፣ በሸኖ፣ በሰንዳፋ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ጠየቅኩ። እዚያ የሚበዛው የመኪና ዕቃ ነው። አንድ ልጅ "ምናለሽ ተራ ብትሞክር ይሻልሃል" ብሎ አመላከተኝ።

ምናለሽ ተራን ከማየትህ በፊት ትሰማዋለህ። መዶሻው አያቋርጥም። አንዱ በርሜል ይቀድዳል፣ አንዱ ያረጀ ብረት ያቃናል። የሰው እጅ ምን ያህል ነገር ከመጣል እንደሚያድን እዚያ ቆሞ ማየት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ስገባ ደስ ይለኛል።

ሦስት ሞተሮች መሬት ላይ የደረደሩ ሽማግሌ አገኘሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ የምንድን ነው?"

"የቻይና 125 ነው የኔ ልጅ። ለሁሉም ይሆናል።"

ለሁሉም የሚሆን ሞተር የለም። ቤንዚን የነካ ጨርቅ ለምኜ በግራ በኩል ከታች ያለውን ጭቃና ቅባት ጠረግኩ። ፊደሎቹ ቀስ እያሉ ወጡ፤ 156 ኤፍ ኤም አይ። መጀመሪያ ያለው 1 ባለ አንድ ሲሊንደር ማለት ነው። 56 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሲለካ 56.5 ይመጣል። ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ አይ ደግሞ 125 ሲሲ። ከጎኑ ያለው 162 ኤፍ ኤም ጄ ነበር። እሱ 62 ሚሊ ሜትር ነው፣ 150 ሲሲ። ዋጋው ረከስ ቢልም የኔው 125 ስለሆነ አይሆነኝም። ሦስተኛው ቁጥሩ በሞረድ ተፍቋል። እሱን እጄንም አላስነካሁት። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ማን ቤት እንዳደረ አይታወቅም።

ቁጥሩ ብቻውንም አይበቃም። ሲጂ የሚባለው የሞተር ዓይነትም ሲቢ የሚባለውም ይህንኑ 156 ኤፍ ኤም አይ ይመታበታል። ሲጂው ሆንዳ በፈረንጆቹ 1976 ካወጣው ሲጂ 125 የተቀዳ ነው፤ አየርና ጭስ የሚያሳልፉትን ቫልቮች የሚገፉት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። የሲቢው ቫልቮች ግን በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ውስጣቸው አይገጥምም። ከሲሊንደሩ ጀርባ የሰንሰለት መወጠሪያ ፈለግኩ፤ የለም። ሽማግሌውን ለምኜ የላይኛውን ክዳን ፈታን። ሁለቱ ዘንጎች ቆመው ታዩኝ። የኔው ዓይነት ነው።

ካንዴላውን አውጥቼ በቀዳዳው ቀጭን እንጨት ፒስተኑ ላይ አስቆምኩ። ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ፣ ቮላኖውን፣ በእጄ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ አወዛወዝኩ። ቢየላው ከላላ ቮላኖው ሲዞር ፒስተኑ ቆሞ ይጠብቅና "ቀጭ" ይላል። ይሄ እንጨቱን ወዲያው ይዞት ተነሳ። ከዚያ እያዞርኩ ማርሹን ከአንድ እስከ አምስት አስገባሁ። የዘይቱን ቡሎን ላላ አድርጌ ጠብታውን በጣቴ አሸሁት። ጥቁር ነው፣ ግን የሚያብለጨልጭ ብረት የለበትም።

18 ሺህ ጠሩ። 13 ሺህ ላይ ተስማማን።

"ጋሼ፣ ቁጥሩን ጽፈው ይፈርሙልኝ።"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ኬላ ላይ ማዳበሪያ ውስጥ ምን አለ ቢሉኝስ?"

ሳቁና ጻፉልኝ። ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋውን ሞተር በሁለት ማዳበሪያ ደራርበን አሰርነው። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ዘይቱ ወንበር እንዳያበላሽበት ቢነጫነጭም የአንድ ሰው ሒሳብ ስጨምርለት ከኋላ አስቀመጠልኝ።

ማታውኑ ጋራዥ ገባን። መካኒኬ የገዛሁትን ሞተር ብሎክ ከፍሎ ክራንክ ሻፍቱን አወጣና ቢየላውን ያዘ። ወደ ጎን ሲገፋው ትንሽ ሄደ። ያ የጤና ነው። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ሳበው። ንቅንቅ አላለም። ዘይት በዘይት የሆነ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና "ማርሾቹን አምጣቸው" አለኝ።