ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ

ቡድናችን የአንድ ሲስተም መቋረጥን ይከታተላል። ሲስተሙ በሳምንት በአማካይ 4 ጊዜ ይቋረጣል። አንድ ሳምንት ላይ ግን 8 ደረሰ። አለቃችን ስብሰባ ላይ «እንዲሁ ያጋጠመ ነው ወይስ የተበላሸ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ።

ደንባችን ግልጽ ነው። ምንም ሳይለወጥ 8 ወይም ከዚያ በላይ የማየት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ማንቂያ ይነሣል። መሐንዲሶቹም የያዙትን ሥራ ትተው ምርመራ ይገባሉ። ዕድሉን የምናሰላው በፖይሰን ነው፤ አማካዩ ከታወቀ አንድ ነገር ይህን ያህል ጊዜ የመከሰት ዕድሉን የሚሰጥ ቀመር ነው።

ሦስት ቁጥር መጣ። በኤክሴል የሠራው ልጅ 3.0 በመቶ አለ። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው የማንቂያ ስክሪፕታችን 2.1 በመቶ አወጣ። አንዷ ባልደረባዬ ደግሞ ከ0 እስከ 7 ያለውን አንድ በአንድ ደምራ ከ1 ቀነሰችና 5.1 በመቶ አለች። ሁለቱ ማንቂያ ይነሣ፣ አንዷ አይነሣ። ትክክለኛው የእሷ ነበር።

የኤክሴሉ ቶሎ ተገኘ። የፖይሰን ፋንክሽኑ መጨረሻ ላይ ትሩ ወይም ፎልስ ይጠይቃል። ፎልስ ከተባለ ልክ 8 የመሆንን ዕድል ብቻ ነው የሚሰጠው። 9፣ 10 እና ከዚያ በላይ ያሉት አልተደመሩም።

ስክሪፕቱ ግን አስቸገረን። ፋንክሽኑም ትክክል ነው፣ አማካዩም ትክክል ነው። ችግሩ ድንበሩ ላይ ነበር። የአር የፖይሰን ፋንክሽን፣ ፒፖይስ (ppois)፣ እንዳለ ሲጠራ «እስከዚህ ቁጥር ድረስ፣ ቁጥሩን ጨምሮ» ያለውን ዕድል ይሰጣል። ሎወር ቴይል (lower.tail) የሚባለው ምርጫው ፎልስ ሲባል ደግሞ «ከዚህ ቁጥር በላይ» ያለውን ይመልሳል። ቁጥሩ ራሱ አይገባበትም። ስለዚህ 8 ስትሰጠው የሚመልስልህ የ9 ወይም ከዚያ በላይን ዕድል ነው። መግባት የነበረበት 7 ነው። በፓይተን ቋንቋ ሳይፓይ (SciPy) በሚባለው የስሌት ጥቅል ውስጥ ያለው ኤስኤፍ (sf) ፋንክሽንም እንደዚሁ ይሠራል።

ክብደት ወይም ርዝመት ብንለካ ኖሮ ልክ አንድ ቁጥር ላይ የማረፍ ዕድሉ ዜሮ ስለሆነ ይህቺ ነጥብ ምንም አታመጣም ነበር። የምንቆጥር ከሆነ ግን ልክ 8 ብቻውን 3 በመቶ ገደማ ይይዛል። በ5.1 እና በ2.1 መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ እሱ ነው። የሥራ ጫናውም ቀላል አይደለም። በ8 የሚጮህ ማንቂያ፣ ምንም ብልሽት ሳይኖር እንኳ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሰው ያስነሣል። በ9 ከሆነ ወደ አንድ ጊዜ ይወርዳል። በከንቱ የተጠራ መሐንዲስ ሌላ ጊዜ ለእውነተኛው ጥሪም ይዘገያል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

«ታዲያ ለምን ሁሌ ከ1 አንቀንስም?» አለ አዲሱ ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለ8 ይሠራል። መቋረጡ 40 ቢደርስ ግን እስከ 39 ያለው ድምር ለ1 በጣም ስለሚቀርብ ኮምፒውተሩ 1 ብሎ ይይዘዋል። ሲቀነስ ዜሮ ይመጣል። እውነተኛው መልስ እጅግ ትንሽ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። እንዲህ ላለው ሎወር ቴይልን ፎልስ አድርጎ 39 መስጠት ይሻላል።

ያቺው ባልደረባዬ ሌላም ነገር አነሣች። «8ቱ የተቆጠሩት በአንድ ሳምንት ነው?» አለች። አዎ፣ በአንድ ሳምንት ነበር። በሁለት ሳምንት ቢሆን ኖሮ አማካዩ 4 ሳይሆን 8 ይሆናል። ያኔ 8 ወይም ከዚያ በላይ የማየት ዕድሉ ወደ 55 በመቶ ይጠጋል። ሶፍትዌሩ ይህን አይጠይቅህም። የሰጠኸውን አማካይ ተቀብሎ ያሰላል።

ስክሪፕቱን ስናርም ከላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ «ይህ ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ» ይላል። ሥሩ ደግሞ መፈተሻ አስገባን። 0 ወይም ከዚያ በላይ የማየት ዕድል የግድ 1 መሆን አለበት። የድሮው ስክሪፕት ለዚህ 0.982 ነበር የሚሰጠው፤ ይህን ፈተና አንድ ቀን ብናደርግበት ኖሮ ያኔውኑ ይያዝ ነበር። በኤክሴል ለሚሠራ ይህ አይሆንም፤ «0 ወይም ከዚያ በላይ»ን ለማግኘት ከ0 በአንድ ዝቅ ብሎ −1 ስለሚገባ የስህተት መልእክት ይመልሳል። እዚያ በ1 መፈተን ይቻላል። አማካዩ 4 ከሆነ 1 ወይም ከዚያ በላይ 0.982 መሆን አለበት። 0.908 ከመጣ ድንበሩ ተሳስቷል።

ከዚያ ያለፉትን ማንቂያዎች እንደገና አስኬድናቸው። ቁጥሩ ልክ 8 ሆኖ የጮኹት በሙሉ ተሰረዙ። 9 እና ከዚያ በላይ የነበሩት ባሉበት ቆዩ።