የሥራ ማስኬጃ በጀትን ለጎንደር ትምህርት ቤቶች እንዴት ደለደልኩት?

የሥራ ማስኬጃ ማለት ከደመወዝ ውጭ ያለው ገንዘብ ነው። «በተማሪ ቁጥር ይካፈል» ሲባል ስብሰባው ይስማማል። ልማዱ ከ2001 ዓ.ም. በኋላ በትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ከመጣው ስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ድጎማ) የተወረሰ ነው፤ ያ ገንዘብ በክፍል ደረጃ እየተለየ በተማሪ ይሰላ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ትንንሾቹን ትምህርት ቤቶች ግን ያደርቃል።

ለምሳሌ ፒያሳ አካባቢ 1,760 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤትና ከአዘዞ ወጣ ብሎ 240 ተማሪ ያለው ሌላ ትምህርት ቤት 200,000 ብር ይካፈሉ እንበል። በተማሪ 100 ብር ሲደርስ አንዱ 176,000፣ ሌላው 24,000 ይወስዳል። ትንሹም ግን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያስተምራል፤ ስምንት ስም መጥሪያ፣ የስምንት ክፍል ጠመኔ፣ የሚባዛ ፈተና፣ ጥበቃና ውሃ አለበት። ልጅ አነሰ ተብሎ ዘበኛው በግማሽ አይከፈለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ 30,000 ብር ቋሚ ድርሻ አስቀመጥኩ። የቀረው 140,000 ለ2,000 ተማሪ ሲካፈል 70 ብር ይሆናል። ውጤቱ 153,200 እና 46,800 ነው። ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ እንደ ሁለት መቁጠርም ይቻላል፤ ነገር ግን ያለ ማስረጃ ከተፈቀደ በዓመቱ የልዩ ፍላጎት ተማሪ ቁጥር በድንገት ያብጣል። የልጁን ልዩ ፍላጎት የሚያረጋግጠው የልየታ ቅጽ ተሞልቶ ካልቀረበ አልቆጥርም።

ትልቁ ትምህርት ቤት 22,800 ብር አጣ ማለት ነው፤ ርእሰ መምህሩና ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) ዝም አይሉም፣ ደግሞም ልክ ናቸው። አዲሱን ቀመር በነባሩ በጀት ላይ በአንድ ጊዜ መጫን ስህተት ነው። የሚሻለው ያለፈውን ዓመት ድርሻ ሳይነኩ ጭማሪውን ብቻ በቀመሩ መደልደል ነው። ይዘገያል፣ ግን ሳይፈርስ ይሄዳል።

ቆጠራው ሌላ ጣጣ አለው። የመስከረም ምዝገባ ተመዝግቦ የቀረውንም ይይዛል። ኅዳር ላይ ከተቆጠረ ደግሞ የከተማው ዳር ልጆች አጨዳ ላይ ናቸው፤ ትምህርት ቤታቸው በመከሩ ምክንያት ይቀጣል። ጥቅምት አጋማሽ ሳይነገር አንዴ፣ የካቲት ላይ አንዴ ቆጥሮ አማካዩን መውሰድ ይበጃል። በዓመቱ መካከል ያለ ክሊራንስ (የመሸኛ ወረቀት) የሚመጡ ተፈናቃይ ልጆች የሚገኙትም በሁለተኛው ቆጠራ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የፍርፋሪው ክፍፍል ነው። ዋናው ገንዘብ ደመወዝ ላይ፣ በሂሳብ መደብ 6111 ተቀምጧል። የየትምህርት ቤቱን ፔሮል አውጥቼ ለተማሪ ቁጥር ሳካፍለው ጉዳዩ ፍጥጥ ብሎ ታየኝ፦ ደመወዙ ከፍ ያለው መሪ መምህር በዝውውር መሀል ከተማ ይገባል፣ ጀማሪው ከከተማው ዳር ወዳለችው ጠዳ ይላካል። ሁለቱም አንድ አንድ የሥራ መደብ ሸፍነዋልና የመምህርና ተማሪ ጥምርታው እኩል ይመስላል፤ ለአንዱ ተማሪ የሚወጣው ብር ግን ይለያያል። የዝውውር መመሪያ የበጀት ሰነድ ነው ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው። ከተማው ዳር ያለው ክፍት የሥራ መደብ ቀድሞ ይሞላ፤ ግቢ ውስጥ የመምህር ማደሪያ ቢሠራ ደግሞ ከማንኛውም ማሳሰቢያ ይልቅ መምህር ያቆያል።

የወላጅ መዋጮን የበጀት ቅጹ ላይ አስገባዋለሁ፤ ከበጀት ግን አልቀንሰውም። ከተቀነሰ ወላጅ በቀጣዩ ዓመት እጁን ይሰበስባል። ለምዝገባ ቅድመ ሁኔታ ሲደረግ ግን ክፍያ እንጂ መዋጮ አይባልም።

የመጨረሻው ጊዜ ነው። ግንቦት ላይ የደረሰ ገንዘብ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ሰኔ 30 ወደ ካዝና እንዳይመለስ ሲባል ገበያ ላይ የተገኘው ሁሉ ይገዛበታል፤ ዕቃው በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ ስቶር ውስጥ አቧራ ይጠጣል። 60 በመቶውን መስከረም፣ 40 በመቶውን የካቲት እለቃለሁ። የጣሪያ ጥገና ከመጀመሪያው ዙር ካልተያዘ፣ ፕሮፎርማው ተሰብስቦ ቆርቆሮው እስኪመጣ ክረምቱ ይገባል።