ካርታው ላይ እንጣላ

አይዳሆ ግዛት ውስጥ ዋይት ክላውድስ የሚባሉ ተራሮች አሉ። ድንጋያቸው ነጣ ያለ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ይወጋሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ካስል ፒክ 3,600 ሜትር ይደርሳል። በእሱ አጠገብ የሚያልፈውን ቀጭን መንገድ ከመዘጋቱ በፊት በብስክሌት ሄጄበታለሁ። ዳገቱ ላይ ብስክሌቱን በትከሻ ተሸክሞ መውጣት አለ። አናቱ ላይ ሲደረስ ግን ቁልቁለቱ እስከ ሐይቆቹ ድረስ ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ጠጠሩን ሰንጥቆ መውረድ ነው። ሰውነቴ ያንን ቁልቁለት እስካሁን አልረሳውም።

ዛሬ በዚያ መንገድ በእግሬ መሄድ እችላለሁ። በፈረስም እችላለሁ። በብስክሌት ግን ሕግ ይከለክለኛል። ኦገስት 7 ቀን 2015 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ በአካባቢው ከ111 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በሦስት «ዊልደርነስ» ከፍሎ ከለለው። ዊልደርነስ በአሜሪካ ከሁሉም የጠበቀው የመሬት ጥበቃ ነው። መንገድ አይቀደድበትም፣ ሞተር አይገባበትም፣ ሕንፃ አይቆምበትም፣ ብስክሌትም አይነዳበትም።

ያን ጊዜ በጣም አዝኜ ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ያ ሐዘን ይመለስብኛል። ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሰሞኑን አብሮኝ ብስክሌት የሚነዳው ወዳጄ የላከልኝ የፊርማ ጥያቄ ነው። ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ ዊልደርነስ ውስጥ ብስክሌት ይፍቀድ ይላል። ከሥሩ «እህቴ፣ አንቺ ካልፈረምሽ ማን ሊፈርም ነው?» ብሎ ጽፎልኛል። አልፈረምኩም። ለምን እንዳልፈረምኩ ለእሱ ከመናገሬ በፊት ለራሴ በደንብ ላስቀምጠው።

በመጀመሪያ እሱ እውነት ያለው የቱ ላይ ነው? ብዙ ቦታ ላይ። የዊልደርነስ ሕግ በፕሬዚዳንት ጆንሰን የተፈረመው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1964 ነው። የተራራ ብስክሌት ያን ጊዜ አልተፈጠረም። በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ልጆቹ አሮጌ ከባድ ብስክሌቶቻቸውን ይዘው ሪፓክ በሚሉት ቁልቁለት መወዳደር የጀመሩት በ1976 ነው፤ ጆ ብሪዝ ለዚያ ተብሎ የታሰበውን የመጀመሪያ ብስክሌቱን የሠራው በ1977። ሕጉ ሞተር ያላቸውን ነገሮች ዘርዝሮ «ሌላም ማናቸውም ዓይነት ሜካኒካል መጓጓዣ» ብሎ ይከለክላል። ብዙውን የመንግሥት ደን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1966 ያወጣው ደንብ ደግሞ ሜካኒካል መጓጓዣ ሲል ሕይወት በሌለው ኃይል የሚነዳውን እንደሆነ አስቀምጦ ነበር። በዚያ ፍቺ በእግር ኃይል የሚሄድ ብስክሌት አይነካም። ክልከላው ቁርጥ ያለው ከ1984 ጀምሮ ነው። ወዳጄ «ሕጉ አልከለከለንም፣ ቢሮው ነው የከለከለን» ሲል ከባዶ ተነስቶ አይደለም።

ፈረሱንም ያነሳል። ጭነት ተሸክሞ የሚሄድ የፈረስና የበቅሎ መንጋ የሚያበላሸውን መንገድ ያየ ሰው ብስክሌት ብቻውን ጥፋተኛ ሲባል ይከነክነዋል። በ1994 ሞንታና ውስጥ የተደረገ ጥናት አፈር በማላላት በኩል ፈረስ ከእግረኛም ከብስክሌትም እንደሚብስ አሳይቷል። ሌላም አለ፤ መንገድ በሰው ጉልበት ነው የሚኖረው። ብስክሌተኞች በየበጋው የወደቀ ግንድ ይቆርጣሉ፣ የጎርፍ ውሃ ከመንገዱ ያስወጣሉ፣ የተናደ ድንጋይ ይክባሉ። መሬቱ ዊልደርነስ ሲሆን እነዚያ እጆች ይሄዳሉ፤ የሞተር መጋዝም አብሮ ስለሚከለከል ግንዱ ሁለት ሰው በሚጎትተው የእጅ መጋዝ ይቆረጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንገዱ ለእግረኛውም ይጠፋል። ይህን ሁሉ አምናለሁ።

ግን ብስክሌትን የምወደው ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ብስክሌት ተራራን ያሳጥራል። እግረኛ ድንኳን ተክሎ፣ አድሮ፣ በማግስቱ የሚጨርሰውን ሸንተረር እኔ በአንድ ጠዋት ዞሬው ቤቴ ገብቼ ምሳዬን እበላለሁ። ያ ደስታዬ ነው። እዚያው ላሉት እንስሳት ግን ያው ፍጥነት ሌላ ነገር ነው። ኦሪገን ውስጥ ስታርኪ በሚባለው የምርምር ደን ኤልክ የሚባሉትን ትልልቅ አጋዘኖች ተከታትለው በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። ኤልኮቹ ከሰው ሁሉ ይሸሻሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚሸሹት ከባለ አራት ጎማው ሞተር ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ከተራራ ብስክሌት፣ ከዚያ ከእግረኛና ከፈረሰኛ። እዚህ ላይ ፈረሱ ከእኛ ይሻላል። በ2016 ሞንታና ውስጥ፣ ከግሌሸር ፓርክ አጠገብ፣ አንድ ሰው በብስክሌት እየሄደ ድንገት ከግሪዝሊ ድብ ጋር ተጋጭቶ ሞቷል። ድቡም ሰውየውም የሚተያዩበት ጊዜ አልነበራቸውም። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ዓይን የሚጋርድ ቁጥቋጦ ባለበት መታጠፊያ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጣራለሁ።

አንዳንድ መሬት ረጅም ሆኖ ይቅር እላለሁ፤ ለመድረስ ሁለት ቀን የሚፈጅ ቦታ ሁለት ቀን ይፍጅ። አገሪቱ ውስጥ በዊልደርነስ የተከለለው ወደ 112 ሚሊዮን ኤከር (ወደ 45 ሚሊዮን ሄክታር) ነው፣ ከዚያ ከግማሽ በላዩ አላስካ ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ትልቅ ነው። አላስካን ከቀነሱ በኋላ የሚቀረውን ካርታ ላይ ላየ ግን በመንገድና በከተማ መካከል የተበተኑ ትናንሽ ቁራጮች ናቸው።

አሁን ወደ ካስል ፒክ ልመለስ፤ ለእኔ ነገሩን የቆረጠው የእሱ ታሪክ ነውና። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ ትልቅ የማዕድን ኩባንያ ከዚያ ተራራ ሥር ሞሊብደነም የሚባል ብረት ሊያወጣ ነበር። መሬቱ ከላይ ተገልጦ ሊቆፈር፣ የጭነት መኪና መንገድ ሊገባ፣ ዝቃጩም ሸለቆው ውስጥ ሊከማች። ሲሲል አንድረስ የሚባል ሰው በ1970 ለአይዳሆ ገዥነት ሲወዳደር ያንን ማዕድን እቃወማለሁ ብሎ ተነሣና አሸነፈ። በ1972 ኮንግረስ ቦታውን የሶቱዝ ብሔራዊ የመዝናኛ ስፍራ ብሎ ከለለው፣ የማዕድን ቁፋሮውም ቀረ። ይህን ሳነብ ያ ቁልቁለት ትዝ አለኝ። የወረድኩበት ጠጠር፣ ያረፍኩበት ሐይቅ፣ ሁሉም የቆየልኝ የተራራ ብስክሌት ከመፈጠሩ በፊት የተከራከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እግረኞች፣ አዳኞች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የአገሩ ሰዎች። እኔ የመጣሁት ምግቡ ከቀረበ በኋላ ነው።

የዊልደርነስ ሕጉን ራሱን ያረቀቀው ሃዋርድ ዛህናይዘርም ትዝ ይለኛል። ዓመታት ሙሉ ረቂቁን ደጋግሞ ሲጽፍና ሲያርም፣ ከአንዱ ምክር ቤት አባል ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖሮ በሜይ 1964 ሞተ። ሕጉ የተፈረመው ከአራት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ያን ሕግ እንዲከፈት የሚጠይቀኝ ማን እንደሆነ አያለሁ። በ2016 በሰው ጉልበት የሚደረግ ጉዞን (ብስክሌትን ጨምሮ) በዊልደርነስ የሚፈቅደውን ረቂቅ ለሴኔት ያቀረቡት የዩታ ሴናተሮች ማይክ ሊ እና ኦሪን ሃች ናቸው። በ2017 የካሊፎርኒያው ቶም ማክሊንቶክ ተመሳሳዩን ለተወካዮች ምክር ቤት አቀረቡ፣ ከኮሚቴም አለፈ፤ ሕግ ግን አልሆነም። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ራሱ ያንን ረቂቅ ተቃውሟል፣ እኛም ብስክሌተኞች ያን ጊዜ ለሁለት ተከፈልን። ወዳጄ «የማን ረቂቅ ቢሆን ምን አገባሽ? ቀናውን ነገር ማንም ይጻፈው» ይለኛል። እኔን ያገባኛል። በ2025 በጀት ሕግ ውስጥ በምዕራባዊ ግዛቶች በሚሊዮን የሚቆጠር ኤከር የሕዝብ መሬት ለሽያጭ እንዲቀርብ ያስገቡት እኒሁ ሴናተር ሊ ናቸው። አዳኙም፣ እግረኛውም፣ ብስክሌተኛውም፣ ፈረሰኛውም በአንድ ላይ ስለጮኸ በጁን መጨረሻ ሐሳቡን ተዉት። የሕዝብ መሬትን ለመሸጥ የሚፈልግ እጅ ብስክሌቴን ይዞ በሩን እንዲከፍት አልፈልግም። ዛሬ ለፔዳል የተከፈተ ሕግ ነገ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ከነገ ወዲያ ለሌላ ነገር መከፈቱም አይቀርም፤ እዚያ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

ታዲያ የዋይት ክላውድሱ ጉዳት ጉዳት አይደለም ማለቴ አይደለም። እዚያ ብስክሌተኞች የተጎዱት ድንበሩ ሲሰመር ነው። የብስክሌት ማኅበራት ከተፈጥሮ ጥበቃ ወገኖች ጋር ተነጋግረው መንገዶቹ ክፍት ሆነው የሚቆዩበትን ናሽናል ሞኑመንት የሚባለውን የጥበቃ ዓይነት ደግፈው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በአንድ ፊርማ ሊያውጁት ነው የሚለው ስጋት ግን ለዓመታት ተኝቶ የነበረውን የዊልደርነስ ረቂቅ ቀሰቀሰውና ከሞኑመንቱ ቀድሞ ጸደቀ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ሞተር ብስክሌት የሚሄድበት የጀርመኒያ ክሪክ መተላለፊያ ከድንበሩ ውጭ ሲቀር የእኛ መንገዶች ውስጥ መግባታቸው ነው። መስመሩ ትንሽ ወዲያ ቢል ሁሉም ይድን ነበር።

እንዲህ ሊደረግ እንደሚችል ያወቅነው ከዚያ ሕግ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዱራንጎ በስተሰሜን፣ ሄርሞሳ ክሪክ የሚባል ተፋሰስ አለ። እዚያ ከ2008 ጀምሮ ከብት አርቢው፣ የውሃ ባለሥልጣኑ፣ እግረኛው፣ ሞተረኛው፣ ብስክሌተኛውና የዊልደርነስ ተሟጋቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተከራከሩ። ውጤቱን ዴሞክራቱ ሴናተር ማይክል ቤኔትና ሪፐብሊካኑ ስኮት ቲፕተን ይዘውት ገቡ፤ በዲሴምበር 2014 ሕግ ሆነ። ወደ 108 ሺህ ኤከር ከሚጠጋው መሬት ከ37 ሺህ በላዩ ዊልደርነስ ሆነ። የቀረው ልዩ አስተዳደር ተሰጥቶት ዝነኛው የሄርሞሳ መንገድ ለብስክሌት ክፍት ሆኖ ቀጠለ። የዊልደርነስ ሕጉ አንድ ፊደል አልተነካም፤ የተደራደሩት በመስመሩ ላይ ነው። በዚያው ግዛት የጄምስ ፒክ ዊልደርነስ በ2002 ሲከለልም ከጎኑ ሌላ የጥበቃ ክልል ተደርጎለታል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ስብሰባው ያደክማል፣ አንዱን መንገድ ለማዳን ሌላውን መስጠት ይመጣል። የሰጡትን መንገድ የሚወድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አለ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጻፍ። እነዚህ ክርክሮች ላይ ሁለቱም ወገን «ሰው ያልነካው መሬት» እያለ ሲናገር ስሰማ ልቤ ይከብዳል። በእነዚያ የአይዳሆ ተራሮች ቱኩዴካ የሚባሉ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑ የሾሾኒ ወገኖች የዱር በግ እያደኑ ይኖሩ ነበር፤ በ1879 የአሜሪካ ጦር ዘምቶባቸው ከቦታቸው ተነሡ። መሬቱ ባዶ የሆነው እንዲያ ተደርጎ ነው። እኛ በቁልቁለትና በዝምታ የምንጣላበት ቦታ የሰው ቤት ነበር። ስብሰባው ውስጥ የእነሱ ልጆች ወንበር ከሌላቸው የትኛውም መስመር ትክክል ነው ለማለት ይቸግረኛል።

የምንነዳበት ደን የአስተዳደር ዕቅድ ሲከለስ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል። የዊልደርነስ ወገኖች ዘንድሮ ያቀረቡትን ካርታ ትናንት ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁት። የላይኛው ሸንተረር ከነሐይቆቹ እንዲከለል እደግፋለሁ፤ እዚያ የምነዳበት መንገድ አለ፣ እሱን እሰጣለሁ። የምሥራቁ ተዳፋት ግን ከዓመት ዓመት በእጃችን ያቆየነው መንገድ ያለበት ነው፤ መስመሩ ከወንዙ ማዶ እንዲሆን በእርሳስ አስምሬ ምክንያቱን ጽፌያለሁ። ለወዳጄ የፊርማውን ጥያቄ እንደማልፈርም ነግሬው ካርታውን ላክሁለት። እሱ ሸንተረሩንም መስጠት አይሆንልኝም ብሎ መለሰልኝ፤ ስብሰባው ላይ ግን አብሮኝ ሊመጣ ተስማምቷል፣ የራሱን መስመር ይዞ።