«ቁልቢ ገብርኤል ልጄን አመጣልኝ»፦ የአንዲት መምህርት ምስክርነት

ይህን ምስክርነት የምንጽፈው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በየወሩ በ19 የምንሰበሰብ የቅዱስ ገብርኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ነን። ባለታሪኳን ሁላችንም «ቲቸር» እንላቸዋለን። ስማቸው እንዲወጣ አልፈቀዱም። የተደረገላቸውን ግን ሊያስመሰክሩ ተስለው ነበርና «ወረቀቱንም ሳታስቀሩ ጻፉት፣ የሚጠቀምበት አይጠፋም» ብለውናል።

ቲቸር ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምረዋል። ዲግሪያቸውን የያዙት በክረምት ትምህርት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሦስት የራሳቸውን ልጆችና ሁለት የሟች እህታቸውን ልጆች በአንድ የመምህር ደመወዝ አሳድገዋል። የ2016 ዲቪ ሲደርሳቸው ጎረቤቱ ሁሉ «የእህትሽንም ልጆች እንደ ራስሽ አድርገሽ ቅጹ ላይ አስገቢያቸው» አላቸው። በዲቪ የሚካተቱት የወለዷቸው፣ የእንጀራ ወይም በሕግ የማደጎ የሆኑ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻ ናቸው። ቲቸር እንባቸው እየፈሰሰ «በሐሰት አልፈርምም» አሉ። ያን ጊዜ ሞኝነት የመሰለው እንቢታ ኋላ ምን እንዳተረፈላቸው እንመጣበታለን።

ፈተናው የመጣው በጤና ምርመራው ነው። ዕድሜው 15ና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ራጅ ይነሣል። የበኩር ልጃቸው ያን ጊዜ 15 ዓመት አልፎታል። ራጁ ላይ ጥላ ታየና የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ተብሎ የአክታ ምርመራ ታዘዘለት፤ ሦስት ጠዋት ተከታትሎ ይሰጣል፣ የካልቸሩ (ተሕዋሲው ያድግ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት 8 ሳምንት ይወስዳል። ምርመራው ነሐሴ ውስጥ ነበር። የዲቪ ቪዛ ደግሞ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ ማለትም መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ይዘጋል፤ ከዚያች ቀን በኋላ ቆንስሉ ቢፈልግም ሊሰጥ አይችልም። የልጁ ውጤት «ነጻ» ሆኖ የመጣው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የዲቪ ቁጥራችሁ ከፍ ያለና ቀጠሯችሁ ወደ መጨረሻው የሚደርስ ካላችሁ የጤና ምርመራውን አንድ ቀን አታሳድሩት፤ ቀጠሮ እንደያዛችሁ ሂዱ።

እናት ሁለቱን ሴቶች ልጆች ይዘው፣ ወንዱን ለወንድማቸው አደራ ሰጥተው የቪዛቸው ስድስት ወር ሊያልቅ ሲል በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ አሜሪካ ገቡ። ከመሄዳቸው በፊት ቁልቢ ወርደው ተሳሉ፦ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ልጄን አምጣልኝ፤ ጥላ ይዤ እመጣለሁ።»

እዚህ ሲደርሱ መጀመሪያ የያዙት ሥራ ሕፃናት መጠበቅ ነው። ትራንስክሪፕታቸውን ወዲያው ማስገምገም ጀመሩ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ብዙ ገምጋሚ ድርጅቶች በእጅ የያዛችሁትን ኮፒ አይቀበሉም፣ የተማራችሁበት ተቋም አሽጎ በቀጥታ መላክ አለበት። ለዚያ ደግሞ አገር ቤት ተወካይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ስጡ። የረዳት መምህርነት ሥራው ግምገማው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ፓራፕሮ የሚባለውን ፈተና ወሰዱ። 90 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ንባብ፣ ሒሳብና ጽሑፍ ነው። ሒሳቡ ለእሳቸው ቀላል ነበር፤ የጽሑፉን ክፍል ከልጆቻቸው ጋር ማታ ማታ አጠኑ። አለፉና እንደገና ክፍል ገቡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን መልእክት በአማርኛም ያወጣሉ፤ ለአዲስ ገቢ እናቶች ግን ከታተመው መልእክት ይልቅ «ልጅሽ ዛሬ ምሳውን በልቷል» የሚል ሰው ይበልጥባቸዋል። ቲቸር ለብዙ ቤት እንዲህ ሆነዋል።

ልጁን ለማምጣት ፋይል የከፈቱት ገና ግሪን ካርዳቸውን እንደያዙ ነው። የአይ-130 (ቤተሰብ ለማምጣት የሚገባው ፒቲሽን) ክፍያ ያን ጊዜ 535 ዶላር ነበር። ዜግነት እስኪያገኙ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ያኔ ልጁ 21 ያልፈዋል፤ ስለዚህ እንደ ቋሚ ነዋሪ ልጅ፣ ኤፍ-2ኤ በሚባለው መስመር ገባ። ፒቲሽኑ ጸድቆ በጁላይ 2019 መስመሩ ለሁሉም ክፍት ሲሆን፣ ቲቸር ሌሊቱን ቁጭ ብለው ክፍያውን (325 ለቪዛው፣ 120 ለስፖንሰር ሰነዱ) ከፍለው፣ ዲኤስ-260 የተባለውን ማመልከቻ ሞልተው ላኩ። ደመወዛቸው ለአራት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀውን ስላልሞላ ከማኅበራችን አንድ አባል ተጨማሪ ስፖንሰር ሆነ።

ኢንተርቪው በ2020 መጀመሪያ ላይ ደረሰ፤ ልጁ ግን በቪዛ ፋንታ ወረቀት ተሰጥቶት ተመለሰ። ጥፋቱ እንዲህ ነበር። ልጁ የተወለደው ታኅሣሥ 19 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ 19/4/1993 ተብሎ ተጽፏል። አንድ የትርጉም ቤት አራተኛውን ወር ኤፕሪል አድርጎ፣ ዓመቱን እንዳለ ገለበጠውና ልጁ ከሰባት ዓመት በላይ አረጀ። ትክክለኛው ዲሴምበር 28፣ 2000 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ለተወለደ በአብዛኛው ዓመት 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ 8። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ አስጽፉ። በዚያ ላይ በፓስፖርቱ የልጁ መጨረሻ ስም የአባቱ አባት፣ የእናቱ ደግሞ የእሷ አያት ስለሆነ አይመሳሰልም፤ ይህ የእኛ ልማድ መሆኑን በደብዳቤ ማስረዳት ነበረባቸው።

ቆንስሉ የዲኤንኤ ምርመራ ሐሳብ አቀረበ። ኪቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትልኩም። እናት እዚህ በታወቀ ላቦራቶሪ ከጉንጭ ናሙና ትሰጣለች፣ ላቦራቶሪው የልጁን ኪት በቀጥታ ለኤምባሲው ይልካል፣ ውጤቱም በቀጥታ ወደዚያው ይሄዳል፤ ዝምድናው ቢያንስ 99.5 በመቶ መሆን አለበት። የእህታቸውን ልጆች በዲቪው አስገብተው ቢሆን ኖሮ በዚህች ቀን የሁሉም ፋይል ይበላሽ ነበር። ቲቸር ያን ዕለት «ገብርኤል አስቀድሞ ጠበቀኝ» ብለው አለቀሱ።

ናሙናው ሳይወሰድ ኮሮና መጣ፤ በማርች 2020 ኤምባሲዎች ሥራ አቆሙ። በኤፕሪል ደግሞ የፕሬዚዳንቱ አዋጅ የቋሚ ነዋሪዎችን ልጆች ቪዛ አገደ። የዜጎች ልጆች አልታገዱም፤ ቲቸር ግን ገና ዜጋ አልነበሩም። «21 ሳይሞላው ካልገባ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ይወርዳል» የሚል ወሬ እንቅልፍ ነሳቸው። በየሌሊቱ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ በ19 በ19 ስልክ ላይ ተሰብስበን አብረን ለመንን።

መልሱ ከራሳቸው ፋይል ወጣ። አንድ የሕግ ባለሙያ ሰነዶቻቸውን ሁሉ የሚያስቀምጡባትን ባለ ክፍልፋይ የፕላስቲክ ፎልደራቸውን ከፈተ። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቀኑን በቀይ በእኛ፣ በሰማያዊ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈውበታል፤ ደብተር ሲያርሙ የለመዱት እጅ ነው። የዲኤስ-260ን ማረጋገጫ አገኘና «ልጅዎ ተጠብቋል» አላቸው። ቪዛው ክፍት በሆነበት ቀን የነበረው ዕድሜ፣ ፒቲሽኑ የቆየበት ጊዜ ተቀንሶለት ከ21 በታች ከሆነና ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባ ዕድሜው እዚያው ይቆማል። እሳቸው ያን ሌሊት በመቀመጣቸው ልጁ በሕግ ፊት ገና 18 እንኳ አልሞላውም ነበር። ይህን ደንብ እሳቸው አያውቁትም ነበር። ያን ሌሊት ማን እንዳስቀመጣቸው ግን እኛም እሳቸውም እናውቃለን።

አዋጁ በፌብሩዋሪ 2021 ተነሣ። ዲኤንኤው ደረሰ፣ ወሩ በስሙ የተጻፈበት የልደት ወረቀት ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ወጥቶ በአዲስ ተተረጎመ፣ የጤና ምርመራውም ጊዜው ስላለፈ እንደገና ተሠራ፤ ራጁ ጥርት ያለ ነበር። ልጁ ለ2014 እንቁጣጣሽ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ደረሰ። እናቱ ስሙን ሳይሆን «ተመስገን»ን ደጋግመው ሲጠሩ የሰማን ብዙ ነን።

ስለታቸውን ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ጥላውን ይዘው፣ ልጁን አስከትለው ቁልቢ አገቡ። የእህታቸው ልጆችም ከአዲስ አበባ መጥተው አብረው ነበሩ፤ ሁለቱም አድገዋል፣ ወርኀዊ መላኪያቸው ግን ዛሬም አልተቋረጠም። ዜግነታቸውን ከያዙ በኋላ አደራውን ለጠበቀው ወንድማቸው ፋይል ከፍተዋል። የወንድም መስመር ከአሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ ቲቸር ይህን አውቀው ነው የገቡት። አድራሻ ሲቀይሩ ያሳውቃሉ፣ ደረሰኙም በዚያው ፎልደር ውስጥ ቀኑ በሁለት ቀለም ተጽፎበት ተቀምጧል። ይህን የምታነቡ ወገኖች በጸሎታችሁ አስቡልን።