ሁለተኛው ሳህን

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ነገ ገና ነው፤ ዛሬ ገሃድ። እኔ ከሥራ እንደገባሁ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ጓዳ ገብቻለሁ። ስልኬ ላይ ዱቄት ስላለ ፊደል ከዘለልኩ ይቅር በሉኝ።

ዶሮው ተገነጣጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሽንኩርቱም እየተቁላላ ነው። ድፎው ግን ዘንድሮ አልሆነም። ሊጡ ሦስት ሰዓት ሙሉ አፍጥጦ አየኝ እንጂ ኩፍ አላለም። እኔ "ቤቱ ቀዝቅዞ ነው" አልኩ። ዱባይ ያለችው እህቴ በቪዲዮ አይታው "እርሾሽ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር" ብላ ፈረደች። ስለዚህ በየዓመቱ "የዳቦሽን ፎቶ ለጥፊ" የምትሉኝ ሁሉ፣ ዘንድሮ ዳቦ የለም። ያለው ኩኪስ ነው። የሜክሲኮ ኩኪስ።

ነገሩ የጀመረው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ከዳላስ ወጣ ብላ ያለችው ጋርላንድ እንደገባን፣ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። የሳልቲዮ ሰው ናቸው፣ ከሰሜን ሜክሲኮ። ልጆቼ "አቡኤላ" ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደማለት። እኔ "እማማ" እላቸው ነበር። እሳቸው እኔን "ሚሃ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። (ስፓኒሽ አንቱታ እንዳለው ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። እንግሊዝኛ ላይ አንተም አንቱም አንድ ሆኖብኝ ሲጨንቀኝ ነበርና ደስ አለኝ።)

የመጀመሪያው ዓመት፣ የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ዕለት በራችን ተንኳኳ። እማማ በሳህን ሙሉ ነጫጭ ድብልብል ነገር ይዘው ቆመዋል። የላመ ስኳር ለብሶ በረዶ የወረደበት ይመስላል። ፖልቮሮን ይባላል። ምን እንዳለበት ጠየቅኳቸው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ፒካን (ለውዝ መሳይ የዛፍ ፍሬ ነው)፣ ቀረፋ፣ "ማንቴካ" አሉኝ። ቅቤ መሰለኝና ጾም ስለሆነ ለልጆቹ አስቀምጣለሁ ብዬ ተቀበልኩ። በሩን ዘግቼ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ለካ ቅቤ "ማንቴኪያ" ነው። ማንቴካ የአሳማ ሞራ ነው።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሲመሽ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረድኩ። ወርውሬ ዞር ስል እማማ የራሳቸውን ቆሻሻ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ፌስታሉ ስስ ነው። ከመብራቱ ስር ነጩ ስኳር በደንብ ይታያል። "ቡዌናስ ኖቼስ፣ ሚሃ" አሉኝና ጥለው ገቡ። እኔ ደረጃው ላይ ብዙ ቆየሁ። አንድ ቃል ብናገር ያለቀ ነበር። "እማማ፣ እኛ አሳማ አንበላም።" በቃ። አልተናገርኩም።

በዓመቱ እንደገና በሩ ተንኳኳ። ልቤ ወደቀ። ያን ጊዜ ግን ሳህን አልያዙም። አንድ ቆርቆሮ የረጋ ዘይት ታቅፈው ነው የመጡት። ጽሑፉ ላይ ጣታቸውን ሰክተው፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር አስተማሪ፣ "ቬ-ሄ-ታል" አሉኝ። "ኖ ፑዌርኮ።" የአትክልት ነው፣ አሳማ የለበትም ማለታቸው ነው። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ስለ ቆሻሻ መጣያው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጎድጓዳ ሳህን ነበር። "የልጆቼን በሌላ ሳህን ጠዋት ጨርሻለሁ። ይሄ ሁለተኛው የአንቺ ነው" አሉ።

የረጋ ዘይት ከሆነ ደግሞ እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። ጾም ነው! ይሄን ሳስረዳቸው ሰባት ጊዜ ነው ያስደገሙኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር ሊያቀምሱኝ ሲሉ መጀመሪያ ጣታቸውን ቀስረው "ሶም?" ይሉኛል። ጸ አትወጣላቸውም። ረቡዕና ዓርብን ከእኔ በላይ ያስታውሱ ነበር።

አሠራሩን በቤተ ክርስቲያናችን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ዱቄት ሁለት ኩባያ፣ የረጋ ዘይት አንድ፣ የላመ ስኳር ግማሽ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ፒካን አንድ፣ ጨው ቆንጠር። ኩባያው ጆሮው የተሰበረው የእሳቸው ኩባያ ነው፤ ሌላ ኩባያ አይሆንም። ኦቭኑ 350 ፋራናይት። "እጅሽ ሲሞቅ አቁሚ" ብለውኛል። ስቡ በእጅ ሙቀት ከቀለጠ ኩኪሱ ይጠነክራል። ከኦቭን ሲወጣ አይነካም፤ ይፈረካከሳል። ለብ ሲል አንዴ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሁለተኛ ስኳሩ ላይ ይንከባለላል። "ፖልቮ" አቧራ ማለት ነው። አፍ ውስጥ እንደ በሶ ብን ማለት አለበት። ደረቅ በሶ ቅሞ የሳቀ ሰው ያውቀዋል፤ ፖልቮሮን ጎርሰው ከሳቁም ነጭ ጭስ ነው የሚወጣው። እኔና እማማ በዚህ ስንት ጊዜ የጠረጴዛ ልብስ አበላሽተናል።

በቀረፋ ብቻ አልተስማማንም። ከመርካቶ የተላከልኝን ይዤ ሄድኩ። እንጨት እንጨቱን አገላብጠው አዩና "ይሄ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፣ ሚሃ" አሉ። የእነሱ ቀረፋ ሲሪላንካ የሚበቅለው ስሱ ነው። እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ በጣት ይሰበራል። አፍሬ የእኔን ለሻይ መለስኩት።

አንድ ቀን ስለዚሁ ኩኪስ አንብቤ መጣሁና አስተማሪ ሆንኩባቸው። ስንዴውንም፣ አሳማውንም፣ ሸንኮራ አገዳውንም ወደ ሜክሲኮ ያመጡት ስፔኖች ናቸው፣ በ1500ዎቹ። ቫኒላውና ፒካኑ ግን የእናንተው የአገሩ ነው አልኳቸው። ሊጡን እያድበለበሉ ሰሙኝና "እነሱ አሳማውን አመጡት፣ አንቺ መጥተሽ አስወጣሽው" አሉኝ። ሳቅኩ። ያኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ማራኒቶ ደግሞ ሌላው ጉድ ነው። በጥቁር ስኳርና በቀረፋ የሚጋገር፣ የአሳማ ቅርጽ ያለው ብስኩት ነው። የእማማው ውስጥ አሳማ የሚባል ነገር የለም፣ መልኩ ብቻ ነው። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የንስሐ አባታችን መስቀል አሳልመውት "ምን በላህ ትላንት?" ቢሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "አሳማ! ሁለት! ጆሮውን መጀመሪያ" ብሎ አረፈው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አባ ግን ነገሩን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ በሚቀጥለው እሑድ "አንዱን አሳማ አምጣልኝ እስቲ" አሉት።

እማማ ያረፉት ባለፈው መጋቢት ነው። ልባቸው ነው። ሆስፒታል ስሄድ የታማሚ ምግባቸው ፊት ለፊታቸው ነበር። እንደ ልማዳቸው ሊያበሉኝ ፈልገው ቀዩን ጄሎ፣ ያን የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ፣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚያ መልሰው ነጠቁኝ። "ኖ፣ ኖ። ጀላቲን። ፑዌርኮ።" እኔ እኮ ስንት ዓመት ስበላ ጄሎ ከአሳማ ሊሠራ እንደሚችል አላውቅም! አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተሰክቶ እሳቸው የእኔን ጾም ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ልነግራቸው ነበር። "እማማ፣ ያን ቀን፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ" ልል አፌን ስከፍት ነርሷ ገባች። ሥራ ሰዓት ደርሶብኝ ነበር። ነገ እመለሳለሁ አልኩ። ሌሊት ልጃቸው ደወለችልኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ልጅየዋ ጠራችኝ። የሙታን ቀናቸው ነበር። ሳሎኑ ጥግ ላይ የእማማ ፎቶ፣ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጨው፣ መዓዛው ቤቱን የሞላ ቢጫ አበባ። አደይ መሰለኝና እንባዬ መጣ። ለተዝካር እንደተጠራ ሰው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር የሄድኩት። ልጅየዋ ወደ ጎን ወሰደችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ፖልቮሮን ለእናቷ ፎቶ ልታስቀምጥ ፈልጋ አሠራሩን ማንም አያውቀውም። እማማ አልጻፉትም። ሴቶቹም ወንዶቹም ልጆች መብላት እንጂ መጋገር አልተማሩም። በዓለም ላይ የተጻፈው አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ጋ፣ በአማርኛ፣ ከጥቅምት ወር ጀርባ።

ሄጄ አመጣሁት። እኔ እያነበብኩ፣ እየተረጎምኩ፣ እሷ ትጽፋለች። "የረጋ ዘይት አንድ ኩባያ" ስል እርሳሷን አቆመች።

"ይሄ የእኔ ነው" አልኳት። "ለጾም የተሠራው። የእናንተን በሌላው ሳህን በማንቴካ ነው የሚሠሩት።"

"የትኛው ሌላ ሳህን?"

ወንድሟ ከወጥ ቤት ብቅ አለ። ሁለቱ ተያዩ። ሌላ ሳህን የለም። እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የኩኪሱ ጣዕም ተቀየረ አሉኝ። ቤተሰቡ በሙሉ ጮኸ። እማማ "የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ የእኔ ኮሌስትሮል" ብለው ዝም አሰኟቸው። ዘጠኝ ገና! የሳልቲዮ ልጆች ዘጠኝ ገና ሙሉ የኦርቶዶክስ ጾም በሉ! ወንድምየው "ዘጠኝ ዓመት በአንቺ ምክንያት!" እያለ ሲጮህ የምስቀው እኔ ነኝ ወይስ የማለቅሰው፣ አላውቅም። ሁሉም ሲወጡ ፎቶው ፊት ቀርቼ ስለ ፌስታሉ ነገርኳቸው። በአማርኛ። ቀስ ብዬ።

እንግዲህ ምስጋና ላድርስ። ለቀብሩ ዕለት እማማን አንድ ቀን እንኳን አይታችሁ ሳታውቁ፣ እድራችን ውስጥ ስማቸው ሳይኖር፣ ነጠላችሁን ለብሳችሁ፣ ሻይና ዳቦ ይዛችሁ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ለመጣችሁ የእድራችን እናቶች፣ እድሜ ይስጥልኝ። ልጆቹ እስከ ዛሬ "እነዚያ ነጭ የለበሱት" እያሉ ያነሷችኋል። በየዓመቱ የነገውን ሽፍት ለምትወስድልኝ የፊሊፒንስ ጓደኛዬ፣ የፈረንጆቹን ገና፣ የዲሴምበር 25ቱን፣ እኔ እሠራልሻለሁ እስከ ጡረታ። ከማቀዝቀዣው ስር ቆፍራ የሙዝ ቅጠል ለምታወጣልኝ የሜክሲኮ ሱቋ ልጅ፣ ዳቦው ባይሆንም ቅጠሉ ደህና ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትሪ ያረረ ፖልቮሮን ድምፁን ሳያሰማ ለበላው ባለቤቴ፣ አንተን በግል።

ዱባይ ላለሽው እህቴ፣ ነገ ማዳምሽ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት እንድትለቅሽ እመኛለሁ። እርሾዬን ስለሰደብሽ ግን ቂም ይዣለሁ። "ከማንም ቤት አትቅመሱ፣ ምን እንዳለበት አይታወቅም" እያልሽ ልጆቹን ለምታስፈራሪው የአክስቴ ልጅ ደግሞ፣ እሙዬ፣ ጠይቂያቸው። ይነግሩሻል። አንዳንዴ ቆርቆሮውን ይዘው ይመጣሉ። እናታችሁን፣ ጎረቤታችሁን በዚህ ዓመት ያጣችሁ፣ ነገ ለማን እንደምትደውሉ ግራ የገባችሁ፣ እኔ ጋ ደውሉ። ከቅዳሴ መልስ እስከ ማታ አለሁ።

ይሄን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ልጅየዋና ወንድሟ ናቸው። ዛሬ የእነሱ የነገሥታት ቀን፣ ሰብአ ሰገልን የሚያስቡበት ነው፤ ያን የቀለበት ዳቦ፣ ሮስካውን ይዘው መጡ። "በቅቤ ነው፣ ጠይቄያለሁ" አለችኝ ገና በሩ ላይ። ዛሬ እንደማልቀምስ ታውቃለች። የእኔን ድርሻ ቆርጣ ለነገ በፎይል ልትጠቀልል ስትል፣ ከተቆረጠው ጎን አንዲት ነጭ የፕላስቲክ እግር ብቅ ብላ ታየች። ዳቦው ውስጥ የሚደበቀው የሕፃኑ አሻንጉሊት እኔ ጋ ደረሰ። ሕፃኑ የደረሰው ሰው ፌብሩዋሪ 2 ለሁሉም ታማል ይጋብዛል፤ ብዙ ጊዜ በማንቴካና በሥጋ የሚሠራ፣ ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ነው። ወንድምየው በደስታ አጨበጨበ።

ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ሄድኩ። ጥር 25፣ ሰኞ። ነነዌ የሚገባበት ቀን ነው።

ልጅየዋ ፊቴን አይታ ጣቷን ቀሰረች። "ሶም?"

ወንድምየው ጭንቅላቱን ያዘ።